ደካ ቦራን መጥራት የተማርኩበት ስልክ ቤት

ዕድሜዬን የፈጀሁት አገር ስጠራ ነው። ስልከኛ ነበርኩ። አሁን ሰው ሁሉ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ራሱ ይደውላል፤ ያኔ ግን በሐረርጌ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚሄድ ቃል ሁሉ በእኛ እጅ ነበር የሚያልፈው። «ሂርናን አገናኚኝ፣ ድሬዳዋን አገናኚኝ» ሲባል ገመዱን እንሰካለን፣ እጀታውን እናዞራለን፣ የከተማውን ስም ወደ መናገሪያው እንጮኻለን። ስማቸውን ስጠራ ኖሬ መልካቸውን ሳላያቸው የቀሩ ከተሞች አሉ።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን የእህቴ ልጅ፣ «አክስቴ፣ ያን ሁሉ ዘመን ሠርተሽ ምን ተማርሽ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? የደመወዙ ነገር ለወሬ አይበቃም። ማዞሪያውንም ቢሆን ዛሬ የሚያውቀው የለም፤ በጊዜው ዘመናዊ የነበረው ዕቃ ሁሉ ተነቅሎ መጋዘን ገብቷል። «የሰው አገር ስም እንዴት እንደሚጠራ ተማርኩ» አልኳት። ሳቀች። የምቀልድ መስሏት ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍላት ቆረጥኩ፤ አንብባ ስታበቃ ደግሞ ትሳቅ።

የተወለድኩት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ከስልከኝነት ትምህርት እንደወጣሁ «አሰበ ተፈሪ» ተመደብሽ አሉኝ። እናቴ አልቅሳ፣ አባቴ ስንቅ አስቋጥሮ አውቶቡስ ላይ ጫኑኝ። ከአዋሽ ወዲህ አቧራ ስንቅም ውለን፣ ቦርደዴንና ሚኤሶን አልፈን፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥተን አንዲት ነፋሻ ከተማ ስንደርስ ረዳቱ በሩን እየደበደበ፣ «ጭሮ! የጭሮ ወራጅ!» ይላል። ግማሹ ሰው ወረደ። እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ከኋላዬ የነበሩ አንዲት ነጋዴ፣ «አንቺ ልጅ፣ የት ነው የምትወርጂው?» አሉኝ።

«አሰበ ተፈሪ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ። ረዳቱ፣ «እቱ፣ እሱማ ይኸው ያለሽበት ነው!» አለና ሻንጣዬን ከጣሪያው ላይ አወረደልኝ። የመጀመሪያውን የሥራ ቀኔን የጀመርኩት በእፍረት ነበር ማለት ነው።

ስልክ ቤቱ ከገበያው ከፍ ብሎ የቆመ ባለሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። ደንበኛ የሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር፣ ከፊቱ ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ ማዞሪያው። ማዞሪያ ማለት ቀዳዳ የበዛበት ትልቅ ሰሌዳ ነው፤ አንዱ ቀዳዳ አንድ መስመር ነው። እዚያ ሰሌዳ ፊት ያገኘኋቸው ሰው ኦቦ ዩሱፍ ይባሉ ነበር፤ «ኦቦ» በኦሮምኛ «አቶ» ማለት ነው። የገለምሶ ተወላጅ ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ፣ አማርኛውን ግን ከእኔ በተሻለ ረጋ አድርገው ይናገሩታል። ጠዋት ሲገቡ «ቢስሚላሂ» ብለው መናገሪያውን በነጭ ጨርቅ ይወለውላሉ። ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ምሳ አይነሡም። ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ቅር ያላቸው እንደሆነ ጨርቁን አንስተው የተወለወለውን እንደገና ይወለውላሉ።

ትልቁ ልማዳቸው ግን ሌላ ነው። ደንበኛ ሲመጣ፣ የሚፈልገውን አገር እሳቸው ቀድመው አይጠሩለትም። «የት ነው?» ብለው ዝም ይላሉ። ሰውየው በራሱ አፍ ይጠራዋል። ኦቦ ዩሱፍ በወዲያኛው ጫፍ ላለችው ስልከኛ እሷ በለመደችው አጠራር ይጠሩላታል። ከዚያ መናገሪያውን ሳይለቁ፣ በደንበኛው አጠራር አንድ ጊዜ ይደግሙታል። ይቺ የመጨረሻዋ ለምንድን ናት? መስመሩ እንደሆነ ተይዟል።

አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ሰውየው ከዚህ ባንኮኒ ውጭ ነው የቆመው» አሉኝ። «ማዞሪያውን አያይም፣ መስመሩን አያይም። አገሩ ሲጠራ ከሰማ፣ እውነትም ወደ እሱ ሰው ዘንድ ነው የሚደውሉልኝ ይላል። ካልሰማ ግን ሲጠብቅ ቆይቶ ሹልክ ብሎ ይሄዳል። ስንቱ ሄዷል መሰለሽ!»

እኔ ያኔ አገር ሁሉ አንድ አጠራር ያለው ይመስለኝ ነበር፤ እሱም ሬዲዮ ላይ የሚነገረው። በየቀኑ የምሰማው ግን ሌላ ሆነ። እኛ ቦርደዴ የምንለውን አገሬው ቦርዶዴ ይለዋል፣ መጨረሻውን ጠበቅ አድርጎ። ሚኤሶን መሐሉ ላይ ትንፋሹን ቆረጥ ያደርግና «ሶ»ዋን ይጫናታል፤ የባቡር ሠራተኞቹ ደግሞ ሚየሶ ብለው ያለሰልሱታል። እኛ በዴሳን እንደ ቸኮለ ሰው ነው የምንለው፤ እነሱ ስበውና አጥብቀው ያሳርፉታል። ከሌላ አገር የመጡት ሹማምንትም ቢሆኑ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ከጎጃም የመጣው አስተማሪ በአንድ ዓይነት፣ ከጎንደር የመጣው የፖሊስ ሻለቃ በሌላ ዓይነት፤ እኔ የጉለሌዋ በሦስተኛ። ሁላችንም ትክክል ነን ብለን ነበር።

የአገሬውን ጠባይ ሳልጨምር ብተወው ግን ነገሩ አይገባም። የዚያ አገር ሰው እንግዳ አያርምም። ባለሥልጣን ደግሞ ጭራሽ አይታረምም። የመንደሩን ስም እንዴትም አድርገህ ብታበላሸው፣ «ኤዬ፣ አዎን» ብሎ ይቀበልሃል፤ አንተኑ ላለማሳፈር እንዳልከው አድርጎ ይደግምልሃል። ስሙ የተበላሸበት ሰው እንግዳውን ላለማስቀየም ሲጨነቅ ማየት እኔን ያናድደኝ ነበር። «ለምን አይነግሩንም?» እላለሁ።

«እንግዳ እኮ ነሽ» ይሉኛል ኦቦ ዩሱፍ። «እንግዳ የሠራውን ወጥ ጨው በዛበት ይባላል?»

የጭሮና የአሰበ ተፈሪ ነገርም በዚሁ መንገድ ነው የገባኝ። አንድ ከተማ ሁለት ስም አለው ብዬ ነበር የማስበው። ኦቦ ዩሱፍ ሲያስረዱኝ፣ «አንድ ከተማ መሰለሽ እንዴ?» አሉኝ። «ገበሬው ጭሮ ሄድኩ ካለ ገበያ ሄዷል፤ ጨው ገዝቷል፣ ዘመድ አይቷል። አሰበ ተፈሪ ሄድኩ ካለ ግን ግብር ከፍሏል፣ ወይ ተከሷል፣ ወይ የታሰረ ሊጠይቅ ነው። ሚስቱ እንኳ ከስሙ ነው የምታውቀው።»

ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ተከፈተ። እውነትም ከመቻራ ቡና ይዘው የሚመጡት ነጋዴዎች ሲደሰቱ ጭሮ ነው፤ ጉዳይ ሲገጥማቸው አሰበ ተፈሪ ነው።

በየጊዜው ሰው ሲታመም ወይ ፈቃድ ሲወጣ ለምትክ ይልኩኝ ነበር። ገለምሶ ከረምኩ፤ መቻራ ያኔ ስልክ ስላልነበራት ሰዉ ከዚያ ድረስ በእግሩና በበቅሎ መጥቶ ይደውላል። ሚኤሶም ሠርቻለሁ። ሚኤሶ ፀሐዩ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲያንጣጣው መናገሪያው ከንፈር ያቃጥላል። መስመሩ ደግሞ ክፉ ነው፤ በተለይ ዝናብ በጣለ ቀን ንብ ጆሮ ውስጥ የገባ ይመስላል። ጩኸት እንደማይረዳ የተማርኩት እዚያ ነው። ድምፅ ባነሣሽ ቁጥር መስመሩም አብሮሽ ይጮኻል። ዝቅ አድርጎ፣ የሚሳበውን ስቦ፣ የሚጠብቀውን አጥብቆ መናገር ነው መድኃኒቱ። አገሬው ስሙን የሚጠራበት መንገድ ለመስመሩም የሚስማማ ሆኖ አገኘሁት፤ ገርሞኝም ለኦቦ ዩሱፍ በስልክ ነገርኳቸው። «እኛም ከኮረብታ ኮረብታ ስንጣራ ነው እኮ ያደግነው» ብለው ሳቁ።

ወደ ጭሮ ስመለስ አዲስ ኃላፊ መጥቶ ጠበቀኝ። አቶ ታምራት ይባላል። ከአዲስ አበባ ነው የመጣው፤ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሥርዓት የሚወድ፣ ሰውን ሳይበድል የሚያስቸግር ዓይነት ሰው። ክፉ አልነበረም፤ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ መስመር ሲጠብቅ ቆይቶ፣ «እነዚህ አንድ ከተማ ሦስት ጊዜ እየጠሩ ቀኑን ፈጁት» ብሎ ከሰሰ። አቶ ታምራትም ከእኛ ጋር ተቀምጦ አዳመጠና በማግስቱ ሰበሰበን።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «አንድ ከተማ አንድ ስም ነው ያለው፤ መንግሥት ያወጣለት። እሱም አንድ ጊዜ ይጠራል። መጥሪያ ሲላክ የተፈላጊው ስምና የሚፈለግበት ከተማ ይበቃል። መንደሩን፣ የእናቱን ስም፣ የጎሣውን ስም መዘርዘር ቀርቷል።»

መጥሪያ ማለት ይህ ነው። በዚያ ዘመን ቤቱ ስልክ ያለው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰው ሲፈለግ ለወዲያኛው ስልክ ቤት ይነገራል፤ የዚያ ተላላኪ ገበያ ወይ ሠፈር ወጥቶ ስሙን እየጠራ ይፈልገዋል፤ ሰውየው መጥቶ መስመሩ ላይ ይቀርባል። ኦቦ ዩሱፍ መጥሪያ ሲልኩ የሰውየውን መንደር በመንደሩ አጠራር፣ እናቱን ወይ አባቱን ጭምር ነበር የሚናገሩት። ያ ቀረ።

ኦቦ ዩሱፍ አልተከራከሩም። «እሺ ጌታዬ» አሉና ጨርቃቸውን አነሡ። እውነቱን ለመናገር ሰልፉም አጠረ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምሳ በሰዓቱ መብላት ጀመርን።

አዴ ዘይነባ (አዴ በኦሮምኛ እማማ እንደማለት ነው) የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ደካ ቦራ ከምትባል ከጭሮ በላይ ካለች መንደር ነው የመጡት። በፊደል ደካ ቦራ ብዬ ልጻፈው እንጂ፣ ስሙ የሚጀምርበት ድምፅ በእኛ ፊደል ያለው «ደ» አይደለም። ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ ወደ ውስጥ የሚዋጥ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ የቋጠሩ ሴት ናቸው። ባንኮኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው በተሰባበረ አማርኛ ነገሩን።

«ልጄ ድሬ ነው። አህመድ። ባቡር ጋ ጆንያ ይሸከማል፤ ነጋዴ አይቶታል። ሰውየው አልሞተም በሉልኝ። ሽማግሌ ጨረሰ። ይግባ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። አህመድ ከጎረቤቱ ጋር በጫት ማሳ ድንበር ተጣልቶ በዱላ መታው። ጎረቤትየው ወደቀ፣ አልንቀሳቀስ አለ። አህመድ የገደለው መሰለውና እግሬ አውጪኝ ብሎ ከአገር ጠፋ። ሰውየው ግን ተነሣ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ካሣውንም እርቁንም ጨረሱ። ይህን የማያውቀው ልጁ ብቻ ነው። እናቱ ሌላ ወንድ የላቸውም፤ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል።

ኦቦ ዩሱፍ ድሬዳዋን ያዙ። እዚያ ማዞሪያው ላይ የምትቀመጠው ጽጌ ነበረች፤ በዓይን ሳንተያይ በድምፅ የተዋደድን። አቶ ታምራት ክፍሉ በር ላይ ቆሟል። ኦቦ ዩሱፍ መናገሪያውን ይዘው ወደ በሩ አዩና በደንቡ መሠረት ተናገሩ፤ «መጥሪያ። አህመድ ኡመር። ከአሰበ ተፈሪ ይፈለጋል።» በቃ።

ጽጌ ተላላኪዋን ሮብሌን ላከች። ሮብሌ ድምፁ ባቡር የሚያቆም የሚባልለት ሶማሌ ነው። አዴ ዘይነባ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ልጃቸውን ምን ብለው ሰላም እንደሚሉት ለራሳቸው ሲያንሾካሽኩ እሰማ ነበር።

ብዙ ቆይቶ ጽጌ መልሳ ደወለች። ሮብሌ ጣቢያው ላይ ጮሆ ተጣራ፤ «አህመድ ኡመር! ከአሰበ ተፈሪ ትፈለጋለህ!» ሸክመኞቹ ዞር ብለው አንዱን አዩት። ልጁ ጆንያውን ከትከሻው አውርዶ አስቀመጠ፤ ቀስ ብሎ በፉርጎዎቹ መሐል አለፈ፤ ወደ ጅቡቲ በሚወርደው ባቡር ላይ ዘልሎ ሄደ። ያየው ሁሉ አንድ ነው የሚናገረው፦ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ኦቦ ዩሱፍ የጆሮ ማድመጫውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። ያን ቀን ጨርቁን አላነሡም። ወደ አግዳሚው ወጥተው ከአዴ ዘይነባ አጠገብ ተቀመጡና በኦሮምኛ ነገሯቸው። ሴትየዋ አልጮኹም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «እንዴት ብላችሁ ጠራችሁት?»

ኦቦ ዩሱፍ የተጠራበትን ደገሙላቸው።

አዴ ዘይነባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንደዚያ ብትጠሩኝ» አሉ፣ «እኔም እሸሽ ነበር።»

እኔ ማዞሪያው ፊት ሆኜ አለቀስኩ። ኦቦ ዩሱፍ ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል። «መንግሥት መጣብህ ብዬ ነው የላክሁበት» አሉኝ። «እናትህ ናት የምትለዋን ቃል በእጄ ይዤ፣ ደንብ አክብሬ ዋጥኳት። ከድሬዳዋ ጅቡቲ አባረርኩት።» በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከዚያ የባሰ ቀን አላየሁም። ከሳቸው አፍ «አባረርኩት» የሚለውን መስማት ነው የከበደኝ፤ ልጁን ሊመልስ የሚችል ሰው በአገሩ ቢኖር እሳቸው ነበሩና።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አቶ ታምራት ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። ያለ ቁጣ፣ ያለ ወቀሳ፣ የሆነውን እንደሆነ ተናገሩ። ጭሮ ምን እንደሆነ፣ አሰበ ተፈሪ ምን እንደሆነ ለእኔ እንዳስረዱኝ አስረዱት።

«እኔ እኮ ይህን አላውቅም ነበር፣ አቶ ዩሱፍ» አለ አቶ ታምራት። «ለምን አልነገሩኝም?»

«እንግዳ ነህ ብዬ ነው» አሉ ኦቦ ዩሱፍ። በሌላ ጊዜ «ነዎት» ነበር የሚሉት።

«እና አሁን ምን ይደረግ?»

«እናትየዋ ራሳቸው ወደ መናገሪያው ይናገሩ። የድሬዳዋው ተላላኪ ከአፋቸው ይስማና እንደሰማው ይጥራ።»

ደንበኛን ከባንኮኒው ኋላ ማስገባት በፍጹም የተከለከለ ነው። ይህ የአቶ ታምራት ደንብ አይደለም፤ ከላይ የመጣ ነው፤ እሱንም ከሥራ ሊያስወጣው ይችላል። ሰዓቱን አየ። «ዛሬ ምሳ ቀደም ብዬ እወጣለሁ» አለና ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ገና የጠዋቱ ሻይ እንኳ አልቀረበም ነበር።

አዴ ዘይነባን እኔ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። መናገሪያውን እንደ ሕፃን ፊት በሁለት መዳፋቸው ያዙት። በድሬዳዋ በኩል ሮብሌ ማድመጫውን ጆሮው ላይ አድርጓል። «ደካ ቦራ» አሉ፣ ያን የሚዋጠውን ድምፅ ውጠው። «አህመድ ደካ ቦራ! የዘይነባ ልጅ!» ሮብሌ ከወዲያ ልክ እንደሳቸው አድርጎ መለሰ። ለካ በእሱም ቋንቋ ያ ድምፅ አለ። እኔ በዚያው ቀን ሞክሬ ሞክሬ አቃተኝ።

ሮብሌ ከዚያ ወዲህ ከጅቡቲ ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያው ላይ ወጥቶ እንዲያ ብሎ መጣራት ያዘ። ማንም አላዘዘውም። የባቡሩ ሠራተኞችም ሰምተው ለመዱት፤ እየቀለዱም ቢሆን ጥሪውን እስከ ጅቡቲ ይዘውት ይወርዱ ነበር። አዴ ዘይነባ ደግሞ በየገበያው ቀን ይመጣሉ፤ ያመጡትን ሸጠው ሲያበቁ ደጃፋችን ላይ ይቀመጣሉ። ኦቦ ዩሱፍ «እስካሁን የለም» ይሏቸዋል፤ እሳቸው «ኢንሻአላህ» ይላሉ።

አንዳንድ ቀን አንድ ጭንቅላቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው አብሯቸው ይመጣል። የጫት እስሩን ብብቱ ውስጥ እንደያዘ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «መጣ?» ይለናል። የተመታው ጎረቤት ነው። የአልመጣም መልሳችንን ሲሰማ ከማንኛችንም በላይ ይናደዳል። «እኔ ነኝ እኮ የተመታሁት! እሱ ምን ሆኖ ይሸሻል?»

ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ከአዴ ዘይነባ ጋር ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ። አገራቸውን መጥራት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጣታቸውን አገጬ ሥር አድርገው፣ «አይደለም። አትትፊው። ዋጪው» ይሉኛል። ደግሜ እሞክራለሁ። ይስቃሉ፤ ቡና የሚሸጡትም ሴቶች ይስቃሉ። አንድ ቀን እንዲሁ በወሬ መሐል አምልጦኝ ስለው አልሳቁም። ፊቴን ያዙና ግንባሬን ሳሙኝ። «ልጄ» አሉ። አማርኛ አጥሯቸው ያሉት መስሎኝ ነበር፤ አይደለም፤ የምራቸውን ልጄ ማለታቸው ነው።

ክረምቱ አለፈ። ኦቦ ዩሱፍ ስለ አህመድ መናገር ተዉ፤ አቶ ታምራት ስለ ደንቡ መናገር ተወ። ኦቦ ዩሱፍ እንደ ድሮው መንደር እየጠሩ መጥሪያ ይልካሉ፤ ኃላፊው በአጠገባቸው ሲያልፍ አይሰማም።

አንድ ዓርብ ቀትር ላይ ኦቦ ዩሱፍ ለጁምዓ ሶላት ወጥተዋል፤ አቶ ታምራትም ለሥራ ሂርና ነበር። ብቻዬን ነኝ። የድሬዳዋ መስመር ጮኸ። ጽጌ ናት፤ ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። «አንድ ሰው እዚህ ቆሟል» አለችኝ። «ስምህ ማነው ብለው አይናገርም። ጭሮን ብቻ ነው የሚለው። እጁ በሩ ላይ ነው፣ እንዳትቆጪው።»

ገመዱን ሰካሁ። ከወዲያ የሰው ትንፋሽ ይሰማል። ሰላምታ የለም፣ ስም የለም። አንድ ቃል ብቻ አለ።

«ደካ ቦራ?»

ምን እንደጠየቀኝ ገባኝ። እዚያ ያለሽው ማነሽ ነው የሚለው፤ የሚጠራኝ መንደሬ ነው ወይስ መንግሥት? ኦቦ ዩሱፍን በመስኮት ብፈልግ መስጊዱ ሩቅ ነው። አዴ ዘይነባም ገበያቸው ዛሬ አይደለም። በስንት ጊዜ አንዴ የሚሳካልኝ ቃል ነው፤ ዛሬ ብስተው ሰውየው በሩን ከፍቶ እንደሚሄድ አወቅሁ። ዓይኔን ጨፈንኩና ምላሴን አጥፌ ዋጥኩት።

«ደካ ቦራ» አልኩ።

በኦሮምኛ፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

የጉለሌ ልጅ ነኝ ልለው? «የዘይነባ» አልኩት።

«ዘይነባ ሴት ልጅ የላትም።» ድምፁ ጠነከረ። ጽጌ በመስመሩ ላይ ትንፋሿን ስትይዝ ይሰማኛል።

«አንተ ስትሄድ አልነበራትም» አልኩት በዚያች በተሰባበረች ኦሮምኛዬ። «አሁን አላት። በየገበያው ቀን ደጃፋችን ላይ አንተን ትጠብቃለች።»

«ሰውየውስ?»

«ያለፈው ገበያ ላይ በጫት ዋጋ ሲጨቃጨቅ አይቼዋለሁ። አንተ ስላልመጣህ ይናደዳል። እርቁ አልቋል። ግባ፣ አህመድ።»

ከወዲያ ብዙ ነገር ተሰማ፦ የጣቢያው ጫጫታ፣ የሮብሌ ሳል፣ ወንድ ልጅ ትንፋሹን ለመያዝ ሲታገል። ገመዱ እንዳይወልቅ በእጄ ይዤዋለሁ።

«እስቲ አገሬን ደግመሽ ጥሪው» አለኝ።

ደግሜ ጠራሁለት። በሚቀጥለው ባቡር ሚኤሶ ወርዶ ወደ እናቱ ገባ።